ጨዋና ጋሻ፤ በፉሪ ዙሪያ ስለ ነበረው የጦር ልምምድ የአክብሮት ሥርዓት

ስለ ኢትዮጵያ ጦርነቶች የተጻፈው ብዙ ነው። ዜና መዋዕሎቹም ሆኑ የውጭ አገር መንገደኞች የተዉልን ማስታወሻዎች የዘመቻውን ቀንና ቦታ፥ ድሉንና ሽንፈቱን፥ የአዝማቾቹንም ስምና ማዕርግ በሰፊው ይነግሩናል። ተዋጊው ከዘመቻ በፊት በሜዳ ላይ እንዴት ይለማመድ እንደ ነበር፥ በልምምዱም ጊዜ አንዱ ለሌላው ምን ዐይነት ክብር ይሰጥ እንደ ነበር የሚገልጸው ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። ጸሓፊዎቹ ነገሩን ያለፉት ሳያውቁት ቀርተው ሳይሆን፥ ዘወትር የሚታይና የሚታወቅ ነገር መጻፍ የሚያስፈልገው መስሎ ስላልታያቸው ይመስለኛል።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በሸዋ ሜዳ ላይ በተደረገው የጦር ልምምድ ውስጥ አክብሮት ከውጭ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን፥ ልምምዱን ከጠብ የለየው ዋናው ነገር መሆኑን ነው። ወዳጅን በዘንግ ማሳደድ፥ ጎረቤትንም በዱላ መግጠም ያለ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ውሎ ሳያድር ደም ያፋስስ ነበር። ስለዚህ ልምምዱን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ወሰኑን መመርመር ይገባዋል። ወሰኑ በየትኛው ጊዜና በየትኛው ቦታ እንደሚጀምር፥ ማንን እኩል እንደሚያደርግ፥ ማንንም ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ ከዚህ በታች በተራ እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ቦታው

ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚታይ ተራራ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር ያልፋል። ስሙም ከተራራው ወርዶ በግርጌው ላለው አገር፥ በኋላም ለከተማው መጠሪያ ሆኗል። ከ3300 ሜትር በላይ የሚደርሰው ወጨጫ በስተ ምዕራብ፥ እንጦጦ በስተ ሰሜን፥ የረር በስተ ምሥራቅ ሆነው ከፉሪ ጋር በመካከላቸው ያለውን ሜዳ እንደ ቅጥር ይከቡታል። ሰበታ በፉሪና በወጨጫ ሥር በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ይህ አገር ከጥንት የቱለማ ኦሮሞ መኖሪያ፥ ሣሩ የበዛ፥ ውሃው የማይርቅ፥ ለፈረስ የተመቸ ደጋ ነው።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደዚህ ሜዳ ብዙ ጊዜ ዘምተዋል። ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. በሸዋ የቆየው እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ ሠራዊቱን ተከትሎ መጥቶ የፊንፊኔን ሸለቆ አይቶ ጽፏል። ግንኙነቱ በመጀመሪያ የዘመቻና የምርኮ ግንኙነት እንደ ነበረ መሸሸግ አያስፈልግም። ነገር ግን ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በእንጦጦ ሲከትሙ፥ በ1879 ዓ.ም.ም አዲስ አበባ ስትቈረቈር፥ ሁለት የጦር ትምህርቶች በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። አንደኛው በመኳንንት ቤት በአሽከርነት የሚገኝ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው በገዳ ሥርዓት በእኩዮች መካከል የሚገኝ ትምህርት ነው። የፉሪን አካባቢ ለዚህ ጥናት የመረጥሁት ስለዚህ ምክንያት ነው።

ቃላቱ የሚነግሩን

ምርመራውን ከቃል መጀመር ይጠቅማል። ዛሬ «ጨዋ» ስንል ሥርዓት የሚያውቅ፥ አንደበቱ የታረመ፥ ሰውን የሚያከብር ሰው ማለታችን ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን ቃሉ የጭፍራ ስም ነበር። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል በየአውራጃው ተሰፍረው ጠረፍ ይጠብቁ የነበሩትን ጭፍሮች «ጨዋ» እያለ ይጠራቸዋል። ሊቃውንትም ቃሉን «ምርኮ» ከሚለው ከግእዙ «ፄዋ» ጋር ያዛምዱታል። በሌላ በኩል ደግሞ በቤተ ክህነት አነጋገር «ጨዋ» ማለት ካህን ያልሆነ ሰው ማለት ነው። እነዚህን ትርጉሞች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ይወጣል፤ መጽሐፍ የካህን ድርሻ፥ ጋሻም የጨዋ ድርሻ በነበረበት ዘመን የጋሻው ባለቤት በመልካም አስተዳደግ ይታወቅ ጀመር፤ በመጨረሻም ጋሻው ቀርቶ አስተዳደጉ ብቻ በቃሉ ውስጥ ቀረ። የወታደር ስም የትሑት ሰው ስም የሆነበት ቋንቋ ስለ ወታደር አስተዳደግ የሚነግረን ነገር አለው።

«ማደግደግ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። በታላቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስር ነበር፤ «አደግድጎ ቆመ» የምንለው ይህን ነው። ተከናንቦ፥ አፍንጫንም ሸፍኖ መቆም የበላይነት ወይም የንቀት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ልብ ማለት የሚገባን ይህ የአክብሮት አቋም የሥራና የውጊያም አቋም መሆኑን ነው። ወገቡን የታጠቀ፥ እጁን ከልብስ ያወጣ ሰው ለመታዘዝም ለመዋጋትም የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ በጌታው ፊት ያደገደገ አሽከር በመልኩ «ለሥራህ ዝግጁ ነኝ» ይል ነበር እንጂ «ከእግርህ በታች ነኝ» ብቻ አይልም።

ሦስተኛው ቃል «እጅ መንሣት» ነው። አጎንብሶ ሰላምታ መስጠት እጅ መንሣት ይባላል፤ ተሸንፎ መማረክ ግን እጅ መስጠት ነው። ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ እጅ ላይ ቢቆሙም የተቃረኑ ናቸው። እጅ የሚነሣ ሰው በፈቃዱ ያከብራል፤ እጅ የሚሰጥ ሰው ተገዶ ይገዛል። ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚለማመድ ሰው ይህን ልዩነት በሰውነቱ ይማረው ነበር።

ጋሻ ጃግሬና ፎሌ

በመኳንንት ቤት ለማደግ የተሰጠ ልጅ ጦርነትን የሚማረው በአገልግሎት ነበር። ጋሻ ጃግሬው የጌታውን ጋሻና ጦር ይሸከማል፥ በቅሎውን ይይዛል፥ ማታም እግሩን ያጥባል። በዚህ ሁሉ መካከል ጋሻ እንዴት እንደሚመከትበት፥ ጦር ከስንት ርምጃ እንደሚወረወር፥ በዘመቻ ላይ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ በዐይኑ እያየ ይማራል። የቀን ሰሌዳና የተጻፈ መምሪያ ያለው ትምህርት አልነበረም። መምህሩ ጌታው ነው፤ ትምህርት ቤቱም ደጃፉ ነው። ስለዚህ የአክብሮቱ መልክ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፥ በማዕርግ ላይ የቆመ ነበር።

በገዳ ሥርዓት ግን ትምህርቱ የእድሜ እኩዮች ነገር ነው። በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን የሚያልፉት ወጣቶች በአንድነት ያድናሉ፥ በአንድነት ጦር መወርወርና ፈረስ መጋለብ ይማራሉ። በቱለማ ዘንድ ፎሌና ቆንዳላ የሚባሉት እርከኖች የዚህ ትምህርት ጊዜ ናቸው። ጦርነት ሲመጣ የሚመራቸው አባ ዱላ ነው፤ «ዱላ» በኦሮምኛ ዘመቻ ማለት ነው እንጂ እንደ አማርኛው በትር ማለት አይደለም። በዚህ ሥርዓት አንድ ወጣት የሚያከብረው በልደት የበላዩ የሆነውን ሳይሆን በእርከን የቀደመውን ነው፤ እርሱም በተራው ይከበራል።

የሁለቱን ልዩነት ቀድሞ የተመለከተው አባ ባሕርይ የተባለው መነኩሴ ነው። በ1585 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኦሮሞ በጻፈው ዜና ውስጥ የክርስቲያኑ መንግሥት ሰዎች ብዙ ሳሉ ለምን እንደ ተሸነፉ ይጠይቅና፥ ሕዝቡ በዐሥር ክፍል የተከፈለ ሆኖ ዘጠኙ ክፍል ወደ ጦርነት እንደማይወጣ፥ የሚዋጋው ዐሥረኛው ብቻ እንደ ሆነ ይገልጻል፤ በኦሮሞ ዘንድ ግን ከትንሹ እስከ ትልቁ ሁሉም ውጊያ የተማረ መሆኑን ያመለክታል። አባ ባሕርይ የጻፈው በተሸናፊ ወገን ቍጭት ቢሆንም ቅሉ፥ ያስተዋለው ነገር ለኛ ጥናት ትልቅ ነው። የጦር ትምህርት የአንድ ክፍል ሀብት ሲሆን አክብሮቱ የዚያ ክፍል ጠባይ ይሆናል፤ የሁሉ ሲሆን ግን አክብሮቱ የእድሜና የተራ ጠባይ ይይዛል።

ጉግስ

ሁለቱ ትምህርቶች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ጨዋታ ጉግስ ነው። በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፥ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ብረት የሌለውን ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው ዞሮ በጋሻው ይመክታል ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያሳደደው ይሸሻል፥ የሸሸውም ያሳድዳል። በመስቀልና በጥምቀት ጊዜ በአዲስ አበባ በጃን ሜዳ ሲደረግ ቆይቷል፤ በአገው ምድርም የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያደርገው በዓል ፈረሰኛው እስከ ዛሬ ይታያል።

የጉግስ አክብሮት በቃል የሚነገር ሳይሆን በጨዋታው አሠራር ውስጥ የተሠራ ነው። ይህን በሦስት ነገር ማየት ይቻላል። መጀመሪያ መሣሪያው ነው፤ የጦሩ ብረት ቀርቶ ዘንጉ ብቻ ይቀራል፥ ጋሻው ግን እውነተኛው የጦር ሜዳ ጋሻ ነው። ይኸውም የማጥቂያው ኀይል ሲቀነስ የመከላከያው ኀይል እንዳለ ይቆያል ማለት ነው። ሁለተኛው ተራው ነው፤ አሳዳጅ ሆኖ የሚቀር የለምና ማንም ሰው ዛሬ የሚወረውረውን ዘንግ ነገ በጀርባው እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሦስተኛው መሸሽ ነው። በጦርነት መሸሽ ነውር ሲሆን በጉግስ ግን መሸሽ ራሱ ትምህርት ነው፤ መልካም ፈረሰኛ የሚታወቀው እየሸሸ ዞሮ በመመከቱ ነው። ሽንፈትን ያለ ኀፍረት የሚለማመድ ሰው ተሸናፊን ለማክበር ይቀርባል።

ይህ ትምህርት በጦር ሜዳ ፍሬ ሲያፈራ የምናይበት ጊዜ አለ። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በእምባቦ የሸዋና የጎጃም ሠራዊት ሲዋጉ የቱለማው ተወላጅ ራስ ጎበና ዳጬ የሚመሯቸው ፈረሰኞች ለድሉ ዋና ነበሩ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ሲማረኩ ምኒልክ በክብር ያዟቸው እንጂ አላዋረዷቸውም፤ ቍስላቸውም እንዲጠገን አደረጉ። በርግጥ ነገሩ የፖለቲካ ብልኅነትም ነበረበት። ቢሆንም ብልኅነቱ የተገለጠበት መልክ ከሜዳው ጨዋታ የሚታወቅ መልክ ነው፤ ተራ ይገለበጣልና የወደቀውን አትርገጥ የሚል ነው።

ገና

ጉግስ የፈረሰኛ ጨዋታ ስለ ሆነ ፈረስ የሌለውን አያስገባም። ገና ግን እግር ያለው ሁሉ የሚጫወተው ነው። በልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፥ ወይም አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ ጋር ይገጥማል። ዱላው ጫፉ የቈለመመ ነው፤ የሚመታው ሩር ወይም ጥንግ የሚባለው ኳስ ነው፤ የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፥ ሜዳውም በመስመር አይከለልም። በሩጫና በግፊያ መካከል ዱላው ከሩሩ ይልቅ ቅልጥም ማግኘቱ የተለመደ ነው።

ገናን ከሌላው ጨዋታ ሁሉ የሚለየው ጌታ የማይቈጣበት ጨዋታ መሆኑ ነው፤ ይህንንም በየአገሩ የሚነገረው ብሂል ይመሰክራል። በዚያ ቀን አሽከር የጌታውን ቅልጥም ቢመታ አይጠየቅም። ያሸነፈው ወገን ማታ እየዘፈነ ተሸናፊውን፥ ባለማዕርጉንም ሳይቀር፥ በግጥም ቢሰድብ ስድቡ ተሳቀበት እንጂ ተከሰሰበት አይባልም። በሌላ ቀን ሸንጎ የሚያቆም ቃል በዚያ ቀን ጨዋታ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ገና ሥርዓት የሌለበት ቀን ይመስላቸዋል። እኔ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው እላለሁ። የማዕርግ ሥርዓት ሲነሣ በቦታው ሌላ ሥርዓት ይገባል፤ እርሱም «ቂም አትያዝ» የሚል ነው። ቂም የያዘ ጌታ ማዕርጉን ያስከበረ ሳይሆን ጨዋነቱን ያጣ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ የሚከበረው ሰው ሳይሆን ወሰኑ ነው። ዱላው ከሜዳው አይወጣም፥ ስድቡም ከሌሊቱ አያልፍም።

ነገር ግን የዚህን ሥርዓት ሌላውን ፊት አለማየት ከታሪክ ጸሓፊ የሚጠበቅ አይደለም። ጌታ የማይቈጣበት ቀን በዓመት አንድ ብቻ ከሆነ፥ የቀረው ዘመን ሁሉ የቍጣው ዘመን ነበር ማለት ነው። የአሽከሩ ማደግደግ፥ እግር ማጠቡ፥ ከጌታው ፊት ከበቅሎ መውረዱ በውዴታ ብቻ የተደረገ አልነበረም። ገና ይህን ሸክም አላነሣም፤ ነገር ግን ሸክሙ በሰው ሥርዓት የተጫነ እንጂ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን በዓመት አንድ ቀን አሳይቷል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

የፈረስ ስም

በዚህ ዘመን የነበረው የተዋጊ አክብሮት በቃል የተገለጠበት ትልቁ መንገድ የፈረስ ስም ነው። ታላቅ ሰው በተጸውዖ ስሙ አይጠራም፤ አሽከሩም ፎካሪውም የሚያወድሰው «አባ» ከሚለው ቃል ጋር በፈረሱ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፥ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. ያወጡት ሰፊ ጥናት የእነዚህን ስሞች ብዛት ያሳያል። «አባ» በኦሮምኛ አባት ወይም ባለቤት ማለት ሲሆን፥ ይህ አጠራር በአማርኛ ተናጋሪው ቤተ መንግሥት ውስጥ መቀመጡ የሁለቱን ፈረሰኞች መቀላቀል በግልጽ ያስረዳል።

በስሞቹ ላይ ሌላም ነገር ይስተዋላል። ታጠቅ፥ በዝብዝ፥ ጠቅል፥ ቃኘው፥ ዳኘው የሚሉት ሁሉ የትእዛዝ አንቀጾች ናቸው። ንጉሡን የሚያወድሰው ሰው ስሙን በጠራ ቍጥር በሰዋስው መልክ ያዝዘዋል ማለት ነው፤ «ታጠቅ» ይለዋል፥ «ዳኘው» ይለዋል። ክብሩና ግዴታው በአንድ ቃል ይሰጡታል። አክብሮት ለሚከበረውም ሰው ዕዳ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። ከራስ መኰንን ፈረስ የተወሰደው «ቃኘው» የሚለው ስም በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ለዘመተው ሻለቃ መሰጠቱም ፈረሱ ከጦር ሜዳ ከወጣ በኋላ ስሙ በሥራ ላይ መቈየቱን ያሳያል።

ከሆለታ እስከ ኮልፌ

ዘመናዊው የጦር ትምህርት በዚህ አካባቢ የገባው በምዕራቡ መንገድ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከቡራዩ ማዶ በሆለታ ገነት፥ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ የኢጣልያ ወረራ ደረሰ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ በኋላ የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ሆኑ። በሆለታ የተለወጠው መሣሪያው ብቻ አይደለም። እጅ መንሣት በወታደር ሰላምታ ተተካ። እጅ በመንሣት ጊዜ የሚያጎነብሰው ታናሹ ነው፤ ታላቁ በራሱ ነቅነቅ ቢል ይበቃዋል። በወታደር ሰላምታ ግን ታናሹ ሰላምታ ሲሰጥ መኰንኑ የመመለስ ግዴታ አለበት። በዚህ ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ውስጥ አክብሮት ከሰው ወደ ማዕርግ፥ ከጌታ ወደ ሕግ መሸጋገሩ ይታያል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ምስክርነት ከከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ከኮልፌ፥ የተገኘ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ለጦር ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሰፈር ሠለጠኑ። ትምህርቱ ለስድስት ወር የታሰበ ቢሆንም ከስምንት ሳምንት በኋላ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ እንደሚነግሩን፥ የሰላሌው ተወላጅ፥ በኋላም የሜጫና ቱለማ ማኅበር መሪ የሆኑት ኰሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ማታ በራት ጊዜ ምክር ሰጧቸው። የምክሩም አሳብ የነጻነት ሠራዊት አዛዥ በሥራ ሰዓት ሥልጣኑን ሳያመነታ ሊጠቀምበት፥ ከሥራ ውጭ ግን ከመጨረሻው ወታደር ጋር እንኳ ፍጹም እኩል ሆኖ ሊኖር፥ የሚበሉትን ሊበላ ይገባዋል የሚል ነው።

ይህን ምክር ከገና ጋር ስናነጻጽረው ነገሩ የተገለበጠ ሆኖ እናገኘዋለን። በገና ሜዳው የእኩልነት ቦታ ነው፥ ከሜዳው ውጭ ማዕርግ ይነግሣል። በኰሎኔሉ ምክር ግን ሜዳው የማዕርግ ቦታ ነው፥ ከሜዳው ውጭ እኩልነት ይነግሣል። ይዘቱ ቢገለበጥም መሠረቱ አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ በትእዛዝና በወንድማማችነት መካከል የታወቀ ወሰን አለ፤ በሁለቱም ዘንድ ወሰኑን የሚያፈርስ ሰው እንደ ባለጌ ይቈጠራል። የሸዋው ሜዳ ለዘመናዊው ወታደር ያወረሰው ዘንግና ጋሻ ሳይሆን ይህን የወሰን ዕውቀት ነው እላለሁ።

ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር ማነጻጸር

በአገራችን ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት የሱሪ ሰዎች ሳጊኔ በሚሉት የዱላ ግጥሚያ ወጣቶች በረጅም ዱላ በብርቱ ይማታሉ። ነገር ግን ዳኞች አሉ፤ የወደቀውን መምታት አይፈቀድም፤ መግደልም የተከለከለ ነው፥ የገደለ ሰው ወገኖች ካሣ ይከፍላሉ። ከሸዋው ገና ጋር የሚገናኝ ታሪክ ባይኖረውም ሥርዓቱ ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል፤ ሳይጣሉ መማታት እንዴት ይቻላል ለሚለው።

ከውጭ ደግሞ የጃፓን ምሳሌ ይጠቅመናል። እምባቦ በተደረገበት በዚያው በ1874 ዓ.ም. ካኖ ጂጎሮ በቶኪዮ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት መሠረተ። ካኖ በእጁ ያገኘው ከሳሙራይ ዘመን የቀረ ጁጁትሱ የሚባል የትግል ጥበብ ነበር። የሳሙራይ ሥርዓት ፈርሶ ነበርና ጥበቡ ጦርነቱን አጥቶ ነበር። ስለዚህ ካኖ ጥበቡን ለልጆች አስተዳደግ አዋለው፤ ግጥሚያው በእጅ መንሣት እንዲጀመርና በእጅ መንሣት እንዲያልቅ አጸና። ጁዶ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶኪዮው ኦሎምፒክ እስከ መግባት የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ጉግስ ጦርነቱን አላጣም ነበር። በአድዋም በማይጨውም ጊዜ ፈረሰኛ እውነተኛ የጦር ክፍል ነበር። ልምምዱ ለሥራ የሚፈለግ ስለ ነበረ ለትምህርት ሲባል መጻፍ፥ በደረጃ መክፈል፥ በአዳራሽም ማስተማር የሚያስፈልገው መስሎ የታየው ሰው አልነበረም። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ መትረየስና አውሮፕላን ፈረሰኛውን ከጦር ሜዳ ሲያስወጡት ጉግስ በቀጥታ ከጦር ልምምድነት ወደ በዓል ትርኢትነት ተሸጋገረ፤ በመካከል ሊኖር ይገባው የነበረው የትምህርት ቤት ዘመን ተዘለለ። የጃፓኑ ሥርዓት በዓለም ሲታወቅ የእኛው በአረጋውያን ትዝታ ብቻ የቀረው፥ በእኔ አስተያየት፥ ስለዚህ ነው እንጂ የእኛው በአክብሮት ያነሰ ሆኖ አይደለም።

ዛሬ

ዛሬ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ብዙ ወጣቶች ካራቴና ቴኳንዶ ይማራሉ። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ከሚያስተምራቸው ከአምስቱ መመሪያዎች የመጀመሪያው ትሕትና ነው። ተማሪው ወደ አዳራሹ ሲገባ እጅ ይነሣል፥ ለመምህሩም ለተጋጣሚውም ያጎነብሳል፥ ወገቡን በቀበቶ ይታጠቃል። ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው ኦሎምፒክ በቴኳንዶ ተወዳዳሪ አሰልፋለች። አንዳንዶች ይህን ሥርዓት እንደ ባዕድ ልማድ ይነቅፉታል፤ ሌሎች ደግሞ አክብሮት ከምሥራቅ እስያ የመጣ አዲስ ትምህርት ይመስላቸዋል። ሁለቱም ታሪኩን ባለማወቅ የሚሳሳቱ ይመስለኛል። የፉሪ ወጣት ወገቡን ታጥቆ በተጋጣሚው ፊት ሲያጎነብስ የአያቶቹን ማደግደግ በሌላ ልብስ እየደገመ ነው። ከእነርሱም የሚሻልበት ነገር አለ፤ ተጋጣሚው በተራው ያጎነብስለታልና።

የጠፋው አክብሮቱ ሳይሆን ሜዳው ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የከተማው ጣቢያ በፉሪ ለቡ ቆመ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፥ ቡራዩ፥ ሱሉልታና ሌሎቹ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ፉሪም አንድ ክፍለ ከተማ ሆነ። ፈረስ ይግጥበት የነበረው መስክ ቤትና ፋብሪካ ተሠርቶበታል። ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለጊዜው የአትክልት ገበያ ሆኖ ነበር። ጉግስ ሰፊ ሜዳና ፈረስ ይፈልጋል፤ ገናም ቢሆን በሁለት ግንብ መካከል አይሆንም።

ስለዚህ የታሪክና የሕዝብ ባህል ተማሪዎች ሊቸኩሉበት የሚገባ ሥራ አለ። በፉሪ፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙ፥ ጉግስ የገጠሙ ወይም ሲገጠም ያዩ አረጋውያንን በአማርኛም በኦሮምኛም መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚጠየቁትም ማን አሸነፈ የሚለውን ብቻ አይደለም። ዘንግ ወደ ማን አይወረወርም ነበር? ከፈረሱ የወደቀውን ሰው ማን ያነሣው ነበር? በጨዋታ የቈሰለ ሰው ቂም እንዳይዝ ማን ይናገረው ነበር? በአማርኛው ቤትና በኦሮሞው መንደር የነበረው ደንብ በምን ይመሳሰል፥ በምንስ ይለይ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያገኙ «ጨዋ» የሚለው ቃል ከጭፍራ ስምነት ወደ ትሑት ሰው ስምነት ያለፈበትን መንገድ በሜዳው ላይ ርምጃ በርምጃ ለመከተል እንችላለን። መልሱን የያዙት ሰዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።